የድንጋዩ ግንድ ጥድ ነው ወይ? አባይ በረሃስ ደጋ ነበር?

ጥያቄ፦ «ምሥራቅ ጎጃም፣ ደጀን አካባቢ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ወደ አባይ በሚወርደው ገደል ከብት ሲያግዱ አንድ ድንጋይ አግኝተው አመጡልኝ። ክንድ ያህል ይረዝማል። ላዩ እንደ እንጨት የተሰነጠቀ ነው፤ ጫፉ ላይ ክብ ክብ መስመር አለው። ሽማግሌዎቻችን ‹ይህማ የጥድ ግንድ ነው፤ ቁርጥ የቤተ ክርስቲያናችንን ጥድ› አሉ። ጥድ ደጋ የሚወድ ዛፍ ስለሆነ አባይ በረሃ በጥንት ጊዜ ደጋ ነበር ብዬ ላስተምር? ዕድሜውን በካርቦን የሚለካልንስ የት እናገኛለን? አንድ ነጋዴ ደግሞ ኦፓል ሊሆን ይችላል እያለ ዋጋ አቅርቧል።»

ምላሽ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ቀን አይሰጥምና። አይሽጡት። ምክንያቱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። «አባይ በረሃ ደጋ ነበር» ብለውም አያስተምሩ። ካርቦንም አይለካውም። የጥያቄዎ ዋና ሐሳብ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፤ ድንጋዩ ጥድ ነው፣ ጥድ ካለ ደግሞ ብርድ አለ የሚል። ግምቱ በሁለቱም በኩል ያፈሳል።

መጀመሪያ «ጥድ ነው» የሚለውን እንይ። ሽማግሌዎቹ ያዩት ላዩን ነው። ግንድ ድንጋይ የሚሆነው ቶሎ ሲቀበር ነው። ጎርፍ ያመጣው ደለል ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ይጫነዋል። አየር ስለማያገኝ በወጉ አይበሰብስም። ከዚያ ሲሊካ የሟሟበት ውሃ ቀስ እያለ ይሰርግበታል፤ እያንዳንዷን ሕዋስ እየሞላ እዚያው ይደርቃል። ሲሊካ ማለት የመስታወትና የአሸዋ ዋና ነገር ነው። ነገሩ ካለቀ በኋላ ድንጋዩ በክብደትና በሙቀት ይሰነጠቃል። ተማሪዎችዎ ያዩት ስንጥቅ የድንጋዩ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፤ የዛፉ ቅርፊት ላይሆን ይችላል። በመልክ ብቻ የዛፍ ዘር አይለይም።

ክብ ክብ መስመሩም ያታልላል። ሲሊካ ራሱ በተርታ ሲደርቅ ቀለበት የመሰለ ቀለም ይሠራል። ብረት ያለበት ውሃ ድንጋይ ውስጥ ሲገባም ቡናማ ክብ መስመር ትቶ ያልፋል። ስለዚህ መስመሩ የዕድገት ቀለበት መሆኑን ለማወቅ ሕዋሶቹን ማየት ግድ ነው።

ይህን ለተማሪዎችዎ በቀላሉ ማሳየት ይችላሉ። ከአንድ አናጢ ቤት ሁለት ቁራጭ እንጨት ይለምኑ፤ አንድ የጥድ፣ አንድ የዋንዛ። የተቆረጠውን ጫፍ በአዲስ ምላጭ ላጭ ያድርጉና በምራቅ ያርጥቡት። (ባለሙያ ነኝ ብዬ አላፍርም፤ ሜዳ ላይ ሁላችንም የምንጠቀመው ምራቅ ነው።) ከዚያ 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይዩት። ዋንዛው ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ በብዛት ያያሉ። ውሃ የሚወጣባቸው ቧንቧዎች ናቸው። ጥዱ ላይ ቀዳዳ የለም። ያለው እንደ ማር እንጀራ ተደርድሮ የሄደ፣ እኩል እኩል የሆነ ጥቃቅን ሕዋስ ነው። በየመካከሉ ሕዋሶቹ ጥብብ፣ ግድግዳቸው ውፍር ይልና ጠቆር ያለ መስመር ይሠራሉ። እሱ ነው ቀለበቱ።

አሁን ወደ ድንጋዩ ይምጡ። ተሰብሮ የወጣ ንጹሕ ጫፍ ካለው በውሃ ብቻ አርጥበው በዚያው መነጽር ይዩ። አይሞርዱት፣ አሲድ አያንጠባጥቡበት፣ ቫርኒሽም አይቀቡት። የመርፌ ቀዳዳ ካዩ አበባ የሚያብብ ዛፍ ነው፤ የጥድ ወሬ እዚያው ላይ አለቀ ማለት ነው። ቀዳዳ የሌለው የማር እንጀራ ካዩ ኮኒፈር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ምንም ካላዩ ደግሞ ሲሊካው ሕዋሱን አጥፍቶታል። ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ አይዘኑበት።

ኮኒፈር ማለት ፍሬውን በአበባ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በኮን ውስጥ የሚይዝ የዛፍ ወገን ነው። ጥድ አንዱ አባል ብቻ ነው። ወገኑ 300 ሚሊዮን ዓመት ያለፈው ነው። አገራችን ውስጥ ዛሬ በተፈጥሮ የሚበቅሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ጥድና ዝግባ። የፈረንጅ ጥድ የምንለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። ጥድና ዝግባ ጎን ለጎን በአንድ ደብር ግቢ ቢቆሙም አመጣጣቸው ለየቅል ነው። የጥድ ዘመዶች ሁሉ ማለት ይቻላል የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዛፎች ናቸው። ከምድር ወገብ በስተደቡብ ተሻግሮ በተፈጥሮው የሚገኘው የእኛው ጥድ ብቻ ነው። የዝግባ ዘመዶች ደግሞ አብዛኞቹ ደቡባዊ ናቸው። ይህን ያመጣሁት አለምክንያት አይደለም። ድንጋይዎ እኔ እንደምጠረጥረው በጣም አሮጌ ከሆነ ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ጋር ያለው ዝምድና የአያት ቅድመ አያት አጎት ልጅ ዓይነት ነው። በዚያ ዘመን ደቡቡን ዓለም የሞሉት ኮኒፈሮች ሌሎች ነበሩ። አንዱ አራውካሪያ ነው፤ ዘመዱ ዛሬ በከተማ ግቢ ለጌጥ የሚተከለው፣ ቅርንጫፉ በደረጃ በደረጃ የወጣው ዛፍ ነው። ሌላው ጭራሽ ከምድረ ገጽ የጠፋ ቤተሰብ ነው፤ ኬይሮሌፒዲያሲ ይባላል። ስሙ ምላስ ያስራል፤ ግን ወደ ኋላ ስለምንፈልገው ይያዙት።

«በጣም አሮጌ» ያልኩት እንዴት ነው? ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው ድንጋዩ የወጣበት ንጣፍ ላይ ነው። እርስዎ በደብዳቤዎ ያልነገሩኝም እሱን ነው። አልወቅስዎትም። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የሚያምር የድንጋይ ግንድ ከገደል ሥር አንስቼ መኪና ላይ ጫንኩ። ማታ ማስታወሻዬን ስገልጥ የጻፍኩት «ከመንገዱ በታች» የሚል ብቻ ነበር። ከየትኛው ንጣፍ ተንከባሎ እንደመጣ አላየሁም። ያ ድንጋይ ዛሬም በር ደግፎ ይዞልኛል። ለሌላ አይሆንም።

ከደጀን እስከ አባይ ያለው ገደል 1,400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አውቶቡስ ላይ ሆነን ጆሯችን እየተደፈነ የምናልፈው መንገድ የድንጋይ መጽሐፍ ነው፤ ከላይ አዲሱ፣ ከታች አሮጌው። እስኪ በእግር እንውረደው።

አናቱ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልት። የደጀን ሜዳ፣ ጤፉም ስንዴውም የቆመው በሱ ላይ ነው። ይህ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተደጋግሞ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ ነው። ጮቄ ከዚያ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በላዩ የተከመረ ሌላ እሳተ ገሞራ ነው። በአንዱ ፍሳሽና በሌላው መካከል ጊዜ ያልፋል፤ አፈር ይሠራል፣ ዛፍ ይበቅላል፣ ሐይቅ ይተኛል። እንጨትዎ ከዚህ መካከል ከወጣ ዕድሜው በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ነው፤ ያኔ ደግሞ ምድሩን የያዙት አበባ የሚያብቡ ዛፎች ናቸው። ከጎንደር በስተምዕራብ ጭልጋ ላይ ከ27 እስከ 28 ሚሊዮን ዓመት ያላቸው የዕፅዋት ቅሪቶች ተጠንተዋል። እዚያ የተገኘው የዘንባባና የጥራጥሬ ወገን ዛፍ ነው። ሙቀትና ዝናብ የሚወድ ደን ነበር።

ከባዛልቱ ሥር የላይኛው አሸዋ ድንጋይ አለ፤ ወንዝ የጣለው ነው። የክሪቴሺየስ ዘመን ነው፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ። እዚህ ላይ ኮኒፈርም አበባ ያለውም ሊወጣ ይችላል፤ አበባ ያላቸው ዛፎች መስፋፋት የጀመሩት በዚሁ ዘመን ውስጥ ነውና። ከሱ ሥር ቀይና አረንጓዴ የጭቃ ድንጋይ አለ። በዚሁ ንጣፍ ውስጥ የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ቀጥሎ 400 ሜትር ገደማ የሚወፍረው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይህ ባሕር ነው። ተማሪዎችዎ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ድንጋይ ያመጡልዎት ከሆነ ከዚህ ነው። ከባሕር ንጣፍ ውስጥ እንጨት ቢገኝ ተንሳፎ የመጣ ነው። የበቀለበትን አገር አያውቅም፤ እኛም አናውቅለትም።

ከኖራው በታች ለዛሬው ጉዳይ ዋናውን ንጣፍ እናገኛለን። 450 ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ጂኦሎጂስቶች ከማዶ በሸዋ በኩል ባለችው ከተማ ስም የጎሐ ጽዮን ንጣፍ ይሉታል። ጭቃ ድንጋይና ኖራ እየተቀያየረ፣ በየመካከሉ ነጭ ጂፕሰም አለው፤ ያው ጀሶ የሚሠራበት። ጂፕሰም እንዴት እንደሚፈጠር ለማሰብ አፋርን ያስቡ። ጥልቀት የሌለው የባሕር ውሃ ገብቶ ይተኛል፣ ፀሐይ ታተነዋለች፣ የሚቀረው ይህ ነው። ዝናብ የሚበዛበት ደጋ ጂፕሰም አያስቀምጥም። ከ170 እስከ 180 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ዛሬ ድልድዩ ካለበት ሰፈር የነበረው ዝቅ ያለ፣ የሚያቃጥል፣ ውሃ የሚያጥረው የባሕር ዳርቻ ነበር። ከዚህ ሁሉ ሥር የታችኛው አሸዋ ድንጋይ አለ፤ 200 ሚሊዮን ዓመት ወዲህና ወዲያ። እንጨቱ ከዚህ ከወጣ አበባ ያለው ዛፍ ሊሆን አይችልም፤ ገና አልነበሩም። ትልቅ ግንድ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ኮኒፈር ነው።

እንግዲህ «ጥንት አባይ በረሃ ደጋ ነበር?» ለሚለው መልሱ ይኸው ነው። ያኔ አባይ በረሃ አልነበረም፤ አባይም አልነበረም። ደጋውን ደጋ ያደረገው ባዛልቱና ከሱ ጋር የመጣው የምድር መነሣት ነው። ወንዙ ሸለቆውን የቆፈረው ከዚያ በኋላ ነው። አሸዋ ድንጋዩ ሲጣል ምድሩ ዝቅ ያለ ሜዳ ነበር። አገሩም ዛሬ ባለበት ኬክሮስ አልነበረም፤ በኖራው ዘመን ከምድር ወገብ በስተደቡብ ነበር። ብርድ ከፈለጉ ከዚህ ሁሉ በታች መውረድ አለብዎት። ትግራይ ውስጥ ዕዳጋ ዓርቢ ላይ የበረዶ ግግር የጎተተው ጠጠርና ጭቃ ድንጋይ ሆኖ ይታያል፤ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ኢትዮጵያ በእውነት በረዶ ለብሳ ታውቃለች ማለት ነው። ግን የእርስዎ እንጨት የዚያ ምስክር መሆኑ ያጠራጥራል።

ወደ ሁለተኛው ስንጥቅ እንለፍ፤ «ኮኒፈር ካለ ብርድ አለ» ወደሚለው። ይህን ስሕተት መምህር ብቻ ሳይሆን አንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪም ይሠራዋል። የገና ፖስት ካርድ ላይ በረዶ የተሸከመ ጥድ ስላየን ይሆናል። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ በዓለም የታወቀው የድንጋይ ደን አለ። ዕድሜው ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። ግንዶቹ በብዛት ኮኒፈሮች ናቸው። ቦታው ግን ያኔ ለምድር ወገብ ቅርብ ነበር፤ ሞቃት፣ ዝናቡም በወቅት የሚመጣ አገር። በሌላው ጫፍ ደግሞ የካናዳ አክሰል ሃይበርግ ደሴት አለ። ሰሜን ዋልታ አፍ ላይ፣ 80 ዲግሪ ገደማ ኬክሮስ ላይ ናት። ዛሬ እዚያ አንድ ዛፍ አይቆምም። ከ45 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን ሜታሴኮያ የሚባል ኮኒፈር በረግረግ ላይ ደን ሠርቶ ነበር። ጉቶዎቹ ዛሬም አሉ። ደርቀው ቀሩ እንጂ ድንጋይ አልሆኑም፤ በመጋዝ ይቆረጣሉ፣ ክብሪት ብትጭርባቸው ይነዳሉ። አንዱ ኮኒፈር ሐሩር ውስጥ፣ አንዱ ዋልታ ላይ፤ ሁለቱም ቦታ ግን ሙቀት ነበር። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። የእኛው ጥድ ጎጃም ደጋ ላይ እንደቆመ ሁሉ ትግራይ ውስጥ ደስአ በሚባለው ደን፣ የአፋርን በረሃ ቁልቁል እያየ ደረቅ ጠርዝ ላይም ቆሟል።

ታዲያ ቀለበቱ ምን ይናገራል? ቀለበት የሚለው ዛፉ በዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ አረፍ ይል ነበር ነው። ለምን እንዳረፈ አይልም። አውሮፓ ውስጥ የሚያሳርፈው ብርድ ነው። አክሰል ሃይበርግ ላይ ለወራት የማይነጋው ጨለማ ነበር። ጎጃም ውስጥ ድርቅ ነው። የቤተ ክርስቲያንዎ ጥድ ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠጣል፣ ያድጋል። ከጥቅምት በኋላ እያሰለሰ ይሄዳል፤ በጋው ሲጠና ያቆማል። የኢትዮጵያ ጥድ ቀለበት ላይ በተሠሩ ጥናቶች የታየውም ይኸው ነው። ቀለበቱ የዝናብ መዝገብ ነው፤ ዝናብ የበዛበት ዓመት ይሰፋል፣ ድርቅ ያለበት ይጠባል። በልግና ክረምት ሁለት ጊዜ በሚዘንብበት አገር ደግሞ ዛፉ በዓመት ሁለቴ አርፎ ሁለት መስመር ሊያሰምር ይችላል። ቆጥሮ ዕድሜ ያወጣ ሰው እጥፍ ይሳሳታል።

ስለዚህ ድንጋይዎ ላይ ቀለበቱ እውነተኛ ከሆነ በትሕትና የምንለው አንድ ነገር አለ፤ ወቅት ነበር። ጂፕሰሙን አጠገቡ ስናስቀምጥ «ምናልባት የደረቅ ወቅት» ብለን ትንሽ እንገፋለን። ከዚያ በላይ መግፋት አንድ ሰው አነጋግሮ የአገር ሕዝብ ቆጠራ እንደማውጣት ነው። ወንዝ ዳር የበቀለ ዛፍ በድርቅ ዓመትም አይጠማም፤ ቀለበቱ ሁሌ ደልዳላ ነው። እዚያው ተራራ ወገብ ላይ ያለው ወንድሙ ደግሞ በየዓመቱ ሲከሳና ሲወፍር ይኖራል። ሁለቱም የአንድ አየር ንብረት ልጆች ናቸው። ብዙ ግንድ፣ ከአንድ ንጣፍ፣ በቁመናው ተመዝግቦ ካልሆነ ፍርድ አይሰጥም።

እውነቱን ለመናገር አየር ንብረት አጥኚ ከግንድ ይልቅ ቅጠል ይወዳል። ያ ስሙ ምላስ የሚያስረው የጠፋ ቤተሰብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቅጠሎቹ ብዙ ጊዜ እንደ ቅርፊት ግንዱ ላይ የተለጠፉ ጥቃቅን ናቸው። ሰም የለበሰው ቆዳቸው ወፍራም ነው። የሚተነፍሱባቸው ቀዳዳዎች ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ተሸሽገዋል። ይህ ውሃ የሚሰስት ዛፍ አካል ነው፤ ቁልቋል ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያሻም። ብናኙ፣ ማለትም ዛፉ ዘር ለማፍራት የሚረጨው ዱቄት፣ ክላሶፖሊስ ይባላል። ሚሊሜትር ሳይሞላ፣ ለብቻው የሚታወቅ ቅርጽ አለው። በጁራሲክ (ጂፕሰሙና ኖራው በተጣሉበት ዘመን) እና በክሪቴሺየስ ድንጋዮች ውስጥ ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ሞቃትና ደረቅ አገር ነው የሚጠቁመው፤ ብዙ ጊዜም ከጂፕሰምና ከጨው ንጣፍ ጋር ጎረቤት ሆኖ ይገኛል።

የቅጠል ቀዳዳ ሌላም ነገር ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ተመራማሪ በቤተ መዘክር የተቀመጡ የቆዩ ቅጠሎችን ከዛሬዎቹ ጋር አወዳድሮ፣ በአየር ላይ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጨመረ ቁጥር ዛፎች የሚሠሩት ቀዳዳ እንደሚቀንስ አሳየ። ነገሩ ግልጽ ነው። ምግቡ ከበዛ ብዙ አፍ አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ የኮኒፈር ቅሪተ ቅጠል ቀዳዳ እየተቆጠረ የጥንቱ አየር ይገመታል። ገደቡ ግን አለ። ቁጥሩ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ብርሃንና የውሃ እጥረትም ያዛቡታል። ደግሞም የቅጠሉ ቆዳ ራሱ ተርፎ መገኘት አለበት፤ የድንጋይ ግንድ ላይ ይህ የለም። ተማሪዎችዎ ግንዱ በተገኘበት ንጣፍ ውስጥ ጠቆር ያለ፣ እንደ ገጽ የሚገለጥ ጭቃ ድንጋይ ካዩ ለእኔ ከግንዱ ይልቅ እሱ ያጓጓኛል።

ስለ ካርቦን። የካርቦን ልኬት ወደ ኋላ የሚሄደው 50,000 ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚለካው ካርቦን አልቆ የለም። ድንጋይዎ ላይ ደግሞ ቀድሞውኑ እንጨቱ በሲሊካ ተተክቷል። «በካርቦን እንለካልዎ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ይራቁት። የዚህ ዓይነት ዕድሜ የሚወጣው ከጎረቤት ነው። ባዛልትና የእሳተ ገሞራ አመድ በውስጣቸው ባለው አርጎን በሚባል ጋዝ ይለካሉ፤ ከሥራቸው ያለው ከነሱ ይበልጣል፣ ከላያቸው ያለው ያንሳል። ይህም ቢሆን ያሳስታል። ሰሜን ሸዋ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘ አምበር አለ፤ ድንጋይ የሆነ የዛፍ ሙጫ፣ ጉንዳንና ዝንብ የታሰረበት። እ.ኤ.አ. በ2010 ዕድሜው 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው ተብሎ ለዓለም ተነገረ። በኋላ እንደገና ሲመረመር ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ትልልቅ ሊቃውንት በንጣፍ ጉዳይ 70 ሚሊዮን ዓመት ከሳቱ እኔና እርስዎ በአንድ ፎቶ ባንፈርድ ይሻላል።

በቅርቡ ዘመን የጎጃም አየር ንብረት ምን ይመስል እንደነበር ለተማሪዎችዎ ማስተማር ከፈለጉ ግን ሐይቆቹ ይሻሉ። ከጣና ሥር የወጣው ጭቃ ሐይቁ ከ18,700 እስከ 16,700 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር አሳይቷል። ጣና! የዛሬ ልጅ አያምንም። ወሎ ውስጥ የሐይቅና የአርዲቦ ሐይቆች ጭቃ ደግሞ የዝግባና የጥድ ብናኝ ይዟል። ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት ያ ደን ተመንጥሮ ቁጥቋጦ ተተካ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኮኒፈር ሲጠፋ ሁሌ አየሩ ተለወጠ ማለት አይደለም። መጥረቢያም አለ። የዝግባ ብናኝ ደግሞ ሁለት የአየር ከረጢት ስላለው በነፋስ ሩቅ ይሄዳል፤ ብናኙ የተገኘበት ሁሉ ዛፉ ነበር አይባልም።

አሁን ምን ያድርጉ? ነጋዴውን ያሰናብቱ። ሲሊካ የሆነ እንጨት ሁሉ ኦፓል አይደለም። የወገል ጤናው ኦፓል የሚፈለገው በውስጡ ቀለም ስለሚጫወት ነው። ቡናማ የድንጋይ እንጨት የሚያወጣው ገንዘብ ለጭነቱም ላይበቃ ይችላል። ዋናው ግን ዋጋው አይደለም። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ሳይዘገይ ለሚመለከተው ባለሥልጣን መነገር አለበት፤ ላግኚው የሚፈቀደው እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ መጠበቅ ነው። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ቅጂውን ያስቀሩ። ለባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስ ትምህርት ቤትም ይጻፉ። ዝርያውን የሚለየው በሦስት አቅጣጫ ተቆርጦ፣ 0.03 ሚሊሜትር እስኪሳሳ ተሞርዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ነው። ይህ የቤት ሥራ አይደለም።

እስከዚያ የእርስዎ ድርሻ ቦታውን ማዳን ነው። ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልለው ትምህርት ቤቱ ይቆለፍበት። ሌላ ቁራጭ እንዳይነሣ ለልጆቹ ይንገሩ። ከዚያ ያገኙት ልጆች ራሳቸው ይምሩዎት፤ ግን በክረምት አይሂዱ፣ ያ ገደል ሲርስ ይንሸራተታል። መስቀል ካለፈ፣ መሬቱ ከደረቀ በኋላ ይውረዱ። ስልክዎ ላይ የቦታውን መገኛ ቁጥር (ጂፒኤስ) ይያዙ። ከሩቅ አንድ፣ ከቅርብ አንድ ፎቶ ያንሱ፤ የቅርቡ ላይ እስክሪብቶ ያጋድሙበት፣ መጠኑ ይታወቅ። ድንጋዩ መሬት ላይ ተንከባሎ ነበር ወይስ ከገደሉ ግድግዳ ተፈልቅቆ ወጣ? ከላዩ ያለው ድንጋይ ጥቁር ነው፣ አሸዋማ ነው ወይስ ነጭ ጂፕሰም? ግድግዳው ላይ የቀረ ሌላ ግንድ ካለ ጫፉ ወዴት ያመለክታል? ይህን ሁሉ በእርሳስ ይጻፉ፤ እስክሪብቶ በላብ ይጠፋል። ከግርጌው የልጆቹን ስም ያክሉ፤ ግኝቱ የነሱ ነው። ወረቀቱን ከድንጋዩ ጋር አንድ ጨርቅ ውስጥ ያስሩት፤ ሁለተኛ ቅጂውን ለኔ ይላኩልኝ።